«ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ብሄድስ?»፦ ስለ ጎሪላ ጉዞ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ከኡጋንዳው ቡዊንዲ ጫካ ጎሪላ አይቼ እንደተመለስኩ ጥቂት ነገር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ፎቶዎቹን ያያችሁ ሁሉ «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ትላላችሁ። ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ አራት ጥያቄ መርጫለሁ። ዋጋ ይለዋወጣል፤ የምጠቅሰው ይህን ስጽፍ የማውቀውን ነው፣ ከመክፈላችሁ በፊት ደግማችሁ ጠይቁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጥር ሰርጋችን ነው። ለጫጉላ ዱባይ ከመሄድ ጎሪላ ብናይ ብለን ተስማምተናል። ሩዋንዳ ይሻላል ኡጋንዳ? ኮንጎ ደግሞ ርካሽ ነው ሲሉ ሰማን። ሁለታችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዝነው። (ሙሽሮቹ፣ ከአዲስ አበባ)

እንኳን ደስ ያላችሁ! ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ፤ የአውሮፕላን ትኬት ሳትቆርጡ፣ ሆቴል ሳትይዙ፣ መጀመሪያ ፈቃዱን ግዙ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለተወሰነ ቀን የሚቆረጥ ፈቃድ አለ፤ እዚያ ሁሉም «ፐርሚት» ነው የሚለው። አንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚጎበኘው ቢበዛ በስምንት ሰው ነው፣ ያውም ለአንድ ሰዓት ብቻ። ጥር ደግሞ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ፈላጊው ይበዛል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር አንድ አስጎብኚ «ፐርሚቱ አለ፣ ችግር የለም» አለኝና አምኜው ትኬቴን ቆረጥኩ። በኋላ ለዚያ ቀን ምንም እንዳልነበረው ታወቀ። ትኬቱን ለማስቀየር የከፈልኩት ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስማችሁና የፓስፖርት ቁጥራችሁ የተጻፈበትን ፐርሚት በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ አልተገዛም በሉ።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሩዋንዳ በግንቦት 2017 ፐርሚቱን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር አሳድጋዋለች፣ ለአንድ ሰው ማለት ነው። ኡጋንዳ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ከውጭ ለሚመጣ ሰው 800 ዶላር ታስከፍላለች። ለሁለት ሰው ልዩነቱ 1,400 ዶላር ነው፣ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ለኬንያውያንና ለታንዛኒያውያን የሚሰጠው ቅናሽ እኛን አይመለከትም። ሩዋንዳ ግን ለአፍሪካ ዜጎች የተለየ ዋጋ አውጥታ ታውቃለች። አስጎብኚያችሁን «ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ስንት ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ 1,500ውን እንዳትከፍሉ።

ሩዋንዳ ጊዜ ትቆጥብላችኋለች፣ ኡጋንዳ ገንዘብ። ከኪጋሊ የሩዋንዳ ጎሪላ ጉብኝት መነሻ ወደሆነችው ከተማ ወደ ሙሳንዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ መንገዱም ያማረ አስፋልት ነው። ከኢንቴቤ ወደ ቡዊንዲ ግን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በመኪና ነው፣ ቀኑ በሙሉ በመንገድ ያልቃል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሦስተኛ መንገድ አለ። ኪጋሊ አርፋችሁ፣ ድንበር ተሻግራችሁ ወደ ደቡብ ቡዊንዲ፣ ወደ ሩሻጋ ወይም ወደ ንኩሪንጎ መሄድ ነው፤ አራት አምስት ሰዓት ቢወስድ ነው። እኔ ብሆን ይህን ነበር የማደርገው። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አባል አገራት ዜጎች 30 ቀን ያለ ቪዛ ትፈቅዳለች። የኡጋንዳን ቪዛ ጉዳይ ግን ከቤት ሳትወጡ በኢንተርኔት ጨርሱ።

ቡዊንዲ አራት መግቢያ አለው፦ ቡሆማ፣ ሩሂጃ፣ ሩሻጋ፣ ንኩሪንጎ። በካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ፤ በተራራው መንገድ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሰዓታት ይፈጃል። ፐርሚታችሁ ሩሻጋ ይበልና ሆቴላችሁ ቡሆማ ቢሆን በሌሊት መነሳት ነው፣ ዘግይቶ የመድረስ አደጋም አለው። ስለዚህ ሆቴሉን የምትይዙት ፐርሚቱ ላይ የተጻፈውን መግቢያ አይታችሁ ነው።

ኮንጎን ለጊዜው ተዉት። በቪሩንጋ ፓርክ ያሉት ጎሪላዎች እነዚሁ የተራራ ጎሪላዎች ናቸው፤ ጠባቂዎቹም ጀግኖች ናቸው፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ200 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ነገር ግን ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ኤም 23 የተባለው የአማፂ ቡድን ጦርነት አካባቢውን አምሶታል። ለጫጉላ የሚኬድበት ቦታ አይደለም።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምር። የቢጫ ወባ ክትባት ውሰዱ፣ ቢጫ ካርዱም ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን። ከተከተባችሁ አሥር ቀን ሳይሞላ ካርዱ አይሠራም፣ ስለዚህ ለሠርጉ ሽርጉድ ስትሉ እንዳትረሱት። ዶላራችሁም አዲስና ያልተቀዳደደ ይሁን፤ ከ2009 በፊት የታተመ ኖት ብዙ ቦታ አይቀበሏችሁም።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንስሳ ትወዳለች፣ እኔም አንድ ጊዜ ይህን ላሳያት እፈልጋለሁ። ትችለው ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ሐኪማቸው ከፈቀደላቸው ይችሉታል ባይ ነኝ። ከእኛ ጋር የወጡ አንድ ሴትዮ በዕድሜ ከእናትሽ የሚያንሱ አይመስሉኝም ነበር።

መንገዱ ግን ቀላል ነው አልልሽም። በእንግሊዝኛ ቡዊንዲን የማይበገር ጫካ ነው የሚሉት፣ ስሙም የተገባው ነው። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ መሬቱ ረግረግና ሐረግ ነው፤ አንዳንዴ እግርሽ የሚያርፈው መሬት ላይ ሳይሆን በተረጋገጠ ቅጠል ላይ ነው። ምን ያህል እንደምትሄዱ ማንም አስቀድሞ አይነግርሽም። ጎሪላዎቹ በየሌሊቱ አዲስ መኝታ እየሠሩ ይንቀሳቀሳሉ። የፓርኩ ዱካ ፈላጊዎች ጠዋት ትናንት ከተለዩበት ቦታ ተነስተው ዱካ ይከተላሉ፣ ሲያገኟቸውም በሬዲዮ ይናገራሉ። እኛ 50 ደቂቃ ነው የሄድነው። በዚያው ቀን ወደ ሌላ ቤተሰብ የተመደቡት ግን አመሻሽ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆነው ነው የተመለሱት።

ስለዚህ አስጎብኚው አስቀድሞ ለፓርኩ ይንገር። ጠዋት ማብራሪያው ላይ ስትደርሱም አንቺ ራስሽ ሬንጀሩን፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ጠጋ ብለሽ «እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል» በይው። አያፍሩበት። ቡድን ሲከፋፈል ቅርብ ወዳለው ቤተሰብ ለመመደብ ይሞክራሉ።

ሁለተኛ፣ ለእናትሽ ለብቻቸው፣ ላንቺም ለብቻሽ ፖርተር ያዙ። ሻንጣ ባይኖራችሁም ያዙ! 20 ዶላር አካባቢ ነው። ፖርተሩ ቦርሳ ተሸካሚ ብቻ እንዳይመስልሽ። የእኔው ወጣት ልጅ ነበር፣ ዳገቱ ላይ ከፊቴ እየቀደመ በጎማ ቦቲው ተረከዝ መሬቱን ቆፈር ያደርግልኛል፣ ከዚያ ዞሮ እጁን ይዘረጋል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከታች ቆሞ በትከሻው ይደግፈኛል። ለመንደሩም ገቢ ነው፣ ከዚህ ሥራ በፊት በጫካው ውስጥ አደን የሚያድኑ የነበሩ ሰዎች አሉበት። ጎሪላው በሕይወት መኖሩ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንደሚከፍል በገዛ ዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው።

ጨርሶ መራመድ ካቃታቸው ደግሞ የሸክም ወንበር አለ፣ «የአፍሪካ ሄሊኮፕተር» ይሉታል። ወጣቶች እየተፈራረቁ ይሸከማሉ። ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነው፣ ቀደም ብሎ መነገርም አለበት። በገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ሲወጣ ላየ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ ከፍታው አትስጊ። የቡዊንዲ ጫካ ከ1,160 እስከ 2,607 ሜትር ነው። እናትሽ የአዲስ አበባ አየር የለመዱ ናቸው፤ ቁና ቁና የምትተነፍሺው አንቺ ነሽ፣ ከአሁኑ ደረጃ መውጣት ጀምሪ።

ልብስን በተመለከተ፣ ሙሉ እጅጌና ወፈር ያለ ሱሪ ይሁን። ካልሲው ከሱሪው በላይ ይሳብ፣ ጉንዳኑ የዋዛ አይደለም። የአትክልት ጓንት ያዙ፤ ጫካው ሳማ አለበት፣ እንደኛው ሳማ የሚለበልብ፣ ሊወድቅ ሲል ሰው ደግሞ የሚጨብጠው እሱኑ ነው። በደረቅ ወቅትም ቢሆን የዝናብ ልብስ አይቅር። እናትሽ ጾመኛ ከሆኑም አይቸገሩም፦ ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝ፣ ባቄላ፣ ስኳር ድንችና አቮካዶ እንደልብ ነው። ለሆቴሉ ብቻ አስቀድመሽ «ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ቅቤም የለም» ብለሽ አስረጂ፣ «አትክልት ብቻ» ካልሻቸው እንቁላል ያመጣሉ። ላንቺ ደግሞ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ካለሽና ሁለቱን አገር የምትነኪ ከሆነ፣ ኡጋንዳን፣ ሩዋንዳንና ኬንያን የሚያካትተው የ100 ዶላር የጋራ ቪዛ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ ለእረፍት ስንመጣ የ13 ዓመት ልጄን ይዤ ልሂድ? ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። (ከዱባይ)

አይቻልም፣ ወንድሜ። ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ነው፣ ፓስፖርት ታይቶ ነው የሚገባው። ሁለት ዓመት ይታገስ። እስከዚያው ስሜን ተራሮች ውሰደውና ጭላዳዎቹን ያሳየው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም፣ መንጋው ሣር እየነጨ አጠገባችሁ ሲያልፍ ልጅህ ቁጭ ብሎ ማየትን ይለማመዳል።

ጥያቄ፦ ፐርሚቱን ገዝቻለሁ፣ 800 ዶላር ተከፍሏል። ጉንፋን በቀላሉ የሚይዘኝ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ትንሽ ቢይዘኝ መድኃኒት ውጬ ብሄድስ? ማን ያውቃል? (ከባሕር ዳር)

ስለ ግልጽነትህ አመሰግናለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ አትሂድ። ለምን እንደሆነ ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ከጠየቃችሁኝ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው።

የተራራ ጎሪላ በዓለም ላይ ያለው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። በመጨረሻው ቆጠራ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ኮንጎ በሚጋሯቸው በቪሩንጋ ተራሮች 604፣ በቡዊንዲና አጠገቡ ባለው የኮንጎ ጫካ 459 ተቆጥረዋል። በድምሩ 1,063። በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ግቢ ከሚሰለፍ ተማሪ ያንሳሉ። በመካነ እንስሳት (ዙ) የሚኖር የተራራ ጎሪላ የለም፣ ከጠፉ የሚተካ የለም ማለት ነው። ሰውነታቸው ለእኛ በጣም የቀረበ ስለሆነ የእኛ ሳል ይይዛቸዋል። እኛን አፍንጫችንን የሚያስጠርገን ቫይረስ እነሱን ሊገድላቸው ይችላል።

ይህ በግምት የተወራ አይደለም። በ1996 በቡዊንዲ አንድ የጎሪላ ቤተሰብ ፀጉሩ እየረገፈ፣ ቆዳው እየቆሳሰለ ሄደ። ያኔ ወጣት የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ኡጋንዳዊቷ ዶክተር ግላዲስ ካለማ ዚኩሶካ መርምረው እከክ መሆኑን ደረሱበት። ምንጩ የሰው ልብስ ሊሆን እንደሚችል ተገመተ፣ ጎሪላዎቹ ከጫካ ወጥተው ማሳ ላይ የተተከሉ፣ ቡትቶ የለበሱ ማስፈራሪያዎችን ይነኩ ነበርና። ሌሎቹ በመድኃኒት ዳኑ፣ አንድ ግልገል ግን ሞተ። ዶክተሯ በ2003 የመንደሩን ሰውና የጎሪላውን ጤና አንድ ላይ የሚከታተል ድርጅት አቋቋሙ። የገበሬው ቤተሰብ ሲታከም ጎሪላውም ይድናል ብለው ነው።

አሁን ጭንብል ግዴታ ነው፣ ርቀቱም አሥር ሜትር ነው። ጎሪላዎቹ ግን ደንቡን አያውቁም። እኛ ቆመን ሳለ አንድ ግልገል ከእናቱ ጀርባ ወርዶ፣ ደረቱን ሁለት ጊዜ ደብደብ አድርጎ፣ ሚዛኑ ስቶት ቂጡ ላይ ተቀመጠና ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ሬንጀሩ በእጁ ምልክት ሰጠን፣ ወደኋላ ተሳብን። ከእኔ ሦስት እርምጃ ያህል ላይ ቆመ። ጥፍሮቹን አየኋቸው። አጫጭር፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ልክ ጭቃ ሲያቦካ የዋለ ልጅ ጥፍር ይመስላሉ። አፍንጫው እርጥብ ነው። ያኔ ከመካከላችን አንድ ሰው ጉንፋኑን በመድኃኒት አፍኖ የመጣ ቢሆን ኖሮ ብለህ አስበው። ትልቁ ወንድ፣ ጀርባው የሸበተው ሲልቨርባክ፣ እዚያው ተጋድሞ ግንድ ይልጣል። ያ ሁሉ ጉልበት ከሰው ትንፋሽ ልጁን አያድንለትም።

ስለዚህ ከአሁኑ ተዘጋጅ። ፐርሚቱን ስትገዛ «ብታመም ምን ይሆናል? ቀን ይቀየርልኛል? ምን ያህል ይመለስልኛል?» የሚለውን አስጎብኚህ በጽሑፍ ይስጥህ። አንተ ከፍለሃል፣ ቢሆንም ዛሬውኑ ጠይቀው። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት የሚያስል ሰው ያለበት ታክሲ ውስጥ ጭንብል አድርግ። እዚያ ከደረስክ በኋላ ጉሮሮህን ከከረከረህ ማታውኑ ተናገር፣ ጠዋት ሰው ፊት እስኪጠይቁህ አትጠብቅ።

እኛ በሄድንበት ቀን አንድ ጎልማሳ ማብራሪያው ላይ እጁን አወጣና «ሌሊቱን አተኩሶኛል» አለ። ማንም አላወቀበትም ነበር። ሚስቱ ከእኛ ጋር ወጣች፣ እሱ ቀረ። ስንመለስ ያረፍንበት ደጃፍ ወንበር ላይ ጋቢ የመሰለ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አገኘነው። የያዘውን ፖርተር የቀን ሙሉ ክፍያ ሰጥቶት ሸኝቶታል። ሚስቱ ጭቃ በጭቃ እንደሆነች አጠገቡ ተቀምጣ ስልኳን አቀበለችው፤ የግልገሉን ቪዲዮ ደጋግሞ ሲያይ ነው ያመሸው።