ለእሁድ ገበያ የሚጠቅመው ሥልጠና የትኛው ነው?

ውድ ጠያቂ፣ በእጽዋት ሳይንስ ተመርቀው እስካሁን ቋሚ ሥራ እንዳላገኙ፣ ወላጆችዎ በሆለታ አካባቢ የሚያመርቱትንና እስከዛሬ ማሳ ድረስ ለሚመጣ ነጋዴ ሲያስረክቡት የኖሩትን ድንች፣ ካሮትና ቆስጣ በአዲስ አበባ የእሁድ ገበያ ራስዎ ለመሸጥ እንዳሰቡ ጽፈውልኛል። ጥያቄዎም ከመጀመርዎ በፊት አንድ የግል ተቋም የሚሰጠውን የ3 ወር የሽያጭ ሥልጠና ከፍለው ይማሩ ወይስ በቀጥታ ወደ ገበያው ይግቡ የሚል ነው።

ምክሬ ገንዘቡን ለጊዜው እንዲያቆዩት ነው። ሥልጠና አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የአትክልት ሻጭን የሚያከስረው አብዛኛውን ጊዜ የሽያጭ ንግግር አለመቻል ሳይሆን ማምሻውን ሳይሸጥ ተጭኖ የሚመለሰው ምርት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መማር ያለብዎት እሱን መቆጣጠር ነው። ይህን ደግሞ ከክፍል ይልቅ በሌላ ሰው መደብ ላይ ቆመው ይማሩታል። በገበያው ምርት የሚያቀርብ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም አምራች ፈልገው፣ ለተወሰኑ እሁዶች ያለ ክፍያ በማውረድ፣ በመመዘንና በመሸጥ እንዲያግዙ ይጠይቁ። በየሰዓቱ ምን ያህል እንደተሸጠና በመጨረሻ ምን እንደተረፈ በደብተር ይመዝግቡ። ያ ደብተር ወደፊት በአትክልትና ፍራፍሬ ድርጅት ውስጥ ሥራ ቢያመለክቱ እንኳ ለቃለ መጠይቅ ይዘውት የሚገቡት የሥራ ልምድ ነው።

ስለ ትርፉ አንድ የግምት ስሌት ላሳይዎት። 100 ኪሎ ቆስጣ የመኪናና የጫኝ ወጪን ጨምሮ ገበያ እስኪደርስ በኪሎ 20 ብር ቢያስወጣዎትና በ25 ብር ቢሸጡት፣ 500 ብር የሚያተርፉ ይመስልዎታል። ከመካከሉ 15 ኪሎው ጠውልጎ ከቀረ ግን የሸጡት 85 ኪሎ 2,125 ብር ስለሚያስገባ፣ የቀንዎ ትርፍ 125 ብር ብቻ ይሆናል። በእሁድ ገበያ የመሸጫ ዋጋ ጣሪያ ስለሚወጣለት፣ የተበላሸውን ዋጋ ጨምረው ለማካካስ አይችሉም፤ ማስተካከል የሚችሉት የሚጭኑትን መጠንና የሚያባክኑትን ብቻ ነው።

በዚህ በኩል የተማሩት ትምህርት ከማንኛውም የሽያጭ ሥልጠና ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ቆስጣው ፀሐይ ሳይበረታ ተቆርጦ፣ በጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይምጣ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ከመከመር ጥቂት ጥቂት እያወጡ መተካት ይሻላል። የካሮቱ ቅጠል ለዓይን ያምራል፤ ሆኖም ከሥሩ ውኃ እየሳበ ስለሚያጠወልገው አሳጥረው ይቁረጡት። ድንች ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ እየሆነ ይመርራል፣ ሶላኒን የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገርም ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ለማሳያ ጥቂት ብቻ አውጥተው ቀሪውን በተሸፈነ ጆንያ ያቆዩት። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ጉደኔና ጃለኔን ከመሳሰሉት ዝርያዎች ወላጆችዎ የትኛውን እንደሚተክሉ ይወቁ፤ ቤትዎ ቀቅለውና ጠብሰው ከሞከሩትም ደንበኛ ሲጠይቅዎ የሚመልሱት የራስዎ ቃል ይኖርዎታል።

የሚጭኑትን መጠን ለመወሰን ከሁሉ በፊት የጾም መቁጠሪያውን ይመልከቱ። በሁዳዴ 55 ቀናት የአትክልት ፈላጊው ይበዛል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቅጠላ ቅጠል ይቀዘቅዛል። ቆስጣ ከተዘራ በኋላ ለመጀመሪያው ቆረጣ ወደ 2 ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የሁዳዴውን ምርት ማሰብ ያለብዎት በታኅሣሥ ነው። በዚያ ወቅት የሆለታ ውርጭ እንዳለ ከእኔ ይልቅ ወላጆችዎ ያውቁታል፤ የትኛው ማሳ እንደሚመታ ይጠይቋቸው።

ከደንበኛ ጋር ያለው ነገር ብዙ የሚያስቸግር አይመስለኝም። ሚዛኑ የተረጋገጠ ይሁን፤ ሳህኑ ባዶ ሳለ ከዜሮ መነሣቱን ገዢው እንዲያይ ወደ እሱ አዙረው ያስቀምጡት፤ ዋጋውን በጉልህ ይጻፉ፤ በቴሌብር የሚከፍልም ስለሚኖር ተዘጋጅተው ይጠብቁት። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅዎት፦ ምርቃት። ደንበኛው «መርቂልኝ» ወይም «መርቅልኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ባይመርቁለት ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ ወደ ጎረቤትዎ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በየኪሎው 50 ግራም ድንች መመረቅ ከ100 ኪሎ ላይ 5 ኪሎ መስጠት ነው። ከጓሮ የመጣ ጥቂት ቃሪያ ቢመርቁ ወጪው ይቀንሳል፣ ደንበኛውም ደስ ይለዋል።

ቦታ ለማግኘት ምን እንደሚጠየቅ ገበያው ወደሚገኝበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት በአካል ሄደው ይጠይቁ፤ ወላጆችዎ የማኅበር አባላት ከሆኑ በማኅበሩ በኩል መግባት ይቀል እንደሆነም ያጣሩ። ሥልጠናውን በተመለከተ፣ የአንድ ወቅት ደብተር ይዘው ሒሳብ አያያዝ ላይ እንደሚቸገሩ ካዩ፣ በአቅራቢያዎ ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አጭር ሥልጠና ይሰጥ እንደሆነ ያኔ ይጠይቁ፤ ምን እንደጎደለዎት አውቀው ስለሚገቡ ትምህርቱም ይበልጥ ይገባዎታል።

በመጨረሻ በደብዳቤዎ ያላነሡት፣ እኔ ግን ዋና ነገር ነው የምለው ጉዳይ አለ። ምርቱ የወላጆቼ ነው ብለው በነጻ አይውሰዱ። ነጋዴው በዕለቱ ማሳ ላይ የሚሰጣቸውን ዋጋ በኪሎ ተስማምተው ይክፈሏቸው፣ ይጻፉትም። እንዲህ ካላደረጉ ያተረፈው መደቡ ይሁን የአባትዎ ማሳ አይታወቅም፤ መኪና የሚከራዩለትን ሁለተኛ የገበያ ቀን መጨመር ሲያምርዎትም የሚወስኑበት ቁጥር አይኖርዎትም።