የቪየናው ዋልዝ ሳንቲም፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለቪየና ዋልዝ ዳንስ መታሰቢያ ባለ 5 ዩሮ የብር ሳንቲም አውጥታለች። በእሱ ዙሪያ የመጡልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እህቴ ላከችልኝ፤ ግን ክብ አይደለም። ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ። የኦስትሪያ ባለ 5 ዩሮ የብር ሳንቲም ባለ ዘጠኝ ጎን ነው። አገሪቱ ዘጠኝ ክልሎች አሏት። ገልብጠው፤ የዘጠኙም አርማ ዙሪያውን አለ። ስትቆጥር ስምንት ከሆነብህ ያኔ ተጠራጠር።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነኝ። ሱቅ ይቀበሉኛል?

መልስ፦ የመታሰቢያ ባለ 2 ዩሮ ቢሆን አዎ። ይሄ ግን ሕጋዊ ገንዘብነቱ ኦስትሪያ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን በ5 ዩሮ ሒሳብ አታውጪው፤ ወደ 8 ግራም ንጹሕ ብር አለበት።

ጥያቄ፦ ወርቅ ቤት በግራም መዝኖ ዋጋ ነገረኝ። ልሽጥ?

መልስ፦ እሱ የሚገዛህ ሊያቀልጠው ነው፤ ለዋልዙ ሰባራ ሳንቲም አይጨምርልህም። ሰብሳቢ ፈልግ። ግን መጀመሪያ ቀለሙን እይ፤ ይኸው ሳንቲም በመዳብም ተመትቷል።

ጥያቄ፦ ጠቁሮብኛል፣ በጥርስ ሳሙና ልሽው?

መልስ፦ ኧረ በፈጠረሽ! ጥቁረቱ ምንም አይደለም፤ ጭረቱ ግን አይለቅም።

ጥያቄ፦ ለዳንስ ደግሞ ሳንቲም?

መልስ፦ ቪየና ሄደህ ይህን አትበል! አዲስ ዓመት እኩለ ሌሊት ላይ የካቴድራሉ ደወል ሲያበቃ ሬዲዮው የሚለቀው የዮሐን ሽትራውስን ዋልዝ ነው፤ መጀመሪያ የተሰማው በ1867። ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾማቸው ዋዜማ ከተማው ዳንስ በዳንስ ነው። በኦፔራ ቤቱ ግብዣ ነጭ ቀሚስ የለበሱ ወጣት ሴቶችና ጥቁር ሱፍ ያጠለቁ ወንዶች ወደ ግራ እየዞሩ ይከፍቱታል። ወደ ግራ መዞሩ ከባድ ነው፣ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ከዚያ "ሁሉም ዋልዝ!" ይባልና ሌላው ሰው ይገባል።

ጥያቄ፦ የአያቶቻችን ጠገራ ብርም ከቪየና ነው ይባላል። እውነት?

መልስ፦ እውነት፣ ግን ሁሉም አይደለም። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ብትሞትም ያው ዓመት ተጽፎበት ዛሬም ቪየና ይመታል። ክብደቱ 28 ግራም ነው፤ በውስጡ ያለው ብር የዋልዙን ሳንቲም ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ለንደንና ቦምቤይም መትተውታል። ጣሊያንም ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሳ ሮም ላይ አስመትቶታል።