ጣልያን ከመጣችሁ አይቀር ትንሹ ቦታ እደሩ

ሮም ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በየክረምቱ ዘመድ ይመጣብኛል። ይመጣብኛል ስል በደስታ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ይህን ካነበበች እንዳትቀየመኝ። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከፍራንክፈርት ይመጣሉ፣ የሁሉም ዕቅድ ግን ያው ነው። ሁለት ቀን ሮም፣ አንድ ቀን ፍሎረንስ፣ አንድ ቀን ቬኒስ፣ ከዚያ ሚላኖ ዕቃ ሸምቶ መመለስ። ኮሎሲየም ፊት ፎቶ፣ ጎንዶላ ላይ ፎቶ፣ በመሀል ፀሐይ ላይ ሰልፍ። ኤርፖርት ስሸኛቸው "እንዴት ነበር?" ስላቸው "ደከመን" ነው መልሳቸው።

ስለዚህ ምክሬን ልናገር። ከዕቅዳችሁ አንድ ትልቅ ከተማ ሰርዙ። በቦታው አንድ ትንሽ ከተማ ወይም አንድ ደሴት አስገቡ። ደርሶ መልስ አላልኩም፣ እደሩ ነው ያልኩት። ቢያንስ ሁለት ሌሊት። እነዚህ ቦታዎች ቀን ቀን የቱሪስት ናቸው። የመጨረሻው ጀልባ ሲሄድ ነው አሮጊቶቹ ወንበራቸውን ይዘው በር ላይ የሚወጡት፣ ልጆቹ አደባባዩ ላይ ኳስ የሚጀምሩት። በአራት ሰዓት ገብቶ በአሥር ሰዓት የሚወጣ ሰው ያንን ከየት ያየዋል?

የመጀመሪያ ምርጫዬ ፕሮቺዳ ናት። ሁሉም ካፕሪ ካፕሪ ይላል። ካፕሪ ውብ ናት፣ አልዋሽም፣ ግን አደባባዩ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ቡና ጠጥታችሁ ሂሳቡ ሲመጣ ትደነግጣላችሁ። ፕሮቺዳ እዚያው የናፖሊ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች፣ ስፋቷ አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት ናት። በ2022 እ.ኤ.አ. የጣልያን የባህል መዲና ተብላ ነበር። ከናፖሊ ሁለት ወደብ አለ። ፈጣኑ ጀልባ ከሞሎ ቤቬሬሎ ይነሳል፣ 40 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ቀርፋፋው መርከብ ከፖርታ ዲ ማሳ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ዋጋው ግን ይቀላል፣ ደግሞ ውጭ ቆማችሁ ባሕሩን ታያላችሁ። ሁለቱን ወደቦች አታምታቱ። ብዙ ሰው በሩጫ ያልቃል።

እዚያ ስትደርሱ ኮሪቼላ የምትባለውን የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ፈልጉ። ቤቶቹ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊ ሆነው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደራርበው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። መኪና አይገባባትም። ደረጃ ነው። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛ መጣች፣ ከሚኒሶታ ለኔ ያመጣችው ቫይታሚን ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው፣ እና አንዱን እኔ ተሸክሜ ደረጃውን ስወርድ መረብ የሚጠግኑት ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ምንም አላሉም። ባይሉም ገብቶኛል።

ደግሞ የሎሚ ሰላጣቸውን ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ። ትርንጎ ታውቃላችሁ አይደል? ነጩ ሥጋው የሚወፍረው። የፕሮቺዳም ሎሚ እንደዚያ ነው፣ "የዳቦ ሎሚ" ይሉታል። የላይኛውን ቢጫ በስሱ ይልጡና ከነነጩ ይከታትፉታል፣ ከዚያ ዘይት፣ ናና፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ቢጤ ያደርጉበታል። እንደ ቃሪያ ስንግ ምራቅ የሚያስመጣ ነገር ነው።

ሁለተኛዋ ፖንዛ ናት፣ ለኛ ሰው ግን የመጀመሪያ መሆን ያለባት እሷ ሳትሆን አትቀርም። ከሮማ ተርሚኒ ፎርሚያ ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ ከጣቢያው ወደቡ በእግር ይደረሳል፣ ከዚያ መርከብ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ገደሉ ነጭና ቢጫ ነው፣ ሮማውያን በድንጋዩ ውስጥ የቆፈሩት መተላለፊያ ሁሉ አለ። ግን እኔን የወሰደኝ ውሃው አይደለም። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከተያዙ በኋላ የታሰሩት እዚህች ደሴት ላይ ነበር። ከዚያ የሆነውን ስሙ። ሙሶሊኒ በሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ሲወርድ የራሱ ሰዎች ያዙትና የት ያምጡት? ፖንዛ። አሥር ቀን ያህል ቆየባት። ያስቀመጡትም ራስ እምሩ በነበሩበት በዚያው ቤት ነው ይባላል። ሳንታ ማሪያ በምትባለው ሰፈር በኩል እያለፍኩ ይህን ሳስበው ብቻዬን ሳቅኩ፣ አጠገቤ አይስክሬም የሚበሉት ጀርመኖች ምን እንዳሉ እንጃ።

ስለ ፖንዛ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በራሴ የደረሰ ነው። አንድ ዓመት በመስከረም ሄጄ ሰኞ ጠዋት ልመለስ፣ ማታውን ደግሞ ከሮም ወደ አዲስ አበባ ልበር ትኬት ቆርጬ ነበር። እሁድ ማታ ነፋስ ተነሳ። ጠዋት ወደቡ ላይ ስደርስ መስኮቱ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፣ "ማሬ ሞሶ"፣ ባሕሩ ተናውጧል ማለት ነው። ጀልባ የለም። መቼ ይኖራል? ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ። የጀልባውን ብር መለሱልኝ፣ የአውሮፕላኑን ማን ይመልሳል? እናቴ አዲስ አበባ ዶሮ ወጥ ሠርታ እየጠበቀች እኔ ሁለት ሌሊት ደሴት ላይ ዓሣ በላሁ። ስለዚህ ከበረራችሁ በፊት ያለውን የመጨረሻ ሌሊት ደሴት ላይ አታድርጉት። ናፖሊ ወይም ሮም እደሩ። ይህን አንዱን ብትሰሙኝ ይበቃኛል።

ታሪኩን የሚፈልግ ሰው ካለ ሳርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ አዚናራ የምትባል ደሴት አለች። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ ወደ ጣልያን ከተጋዙት መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ብዙዎቹ የታሰሩባት ናት። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ነበሩ፣ በኋላ ቶሪኖ ተወስደው በ1940 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፉ። ደሴቲቱ ከዚያ በኋላም ረጅም ጊዜ እስር ቤት ነበረች፣ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ናት። ሕዝብ የለባትም ማለት ይቻላል። ያለው ነጭ አህያ ነው፣ እውነተኛ ነጭ፣ ዓይኑ ሰማያዊ፣ መንገድ ላይ ቆሞ አላሳልፍም የሚል። ከስቲንቲኖ ወይም ከፖርቶ ቶሬስ በጀልባ ይኬዳል፣ የራስ መኪና አይገባም። ውሃና ምግብ ያዙ። ዝምታው ከባድ ነው፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆናችሁ ግን አህያው ያድናችኋል።

ደሴት የማይሆንለት፣ ባሕር የሚያዞረው ሰው ደግሞ ደቡብ ጣልያን ያለችው ማቴራ ይሂድ። ከባሪ ትንሽ ባቡር አለ፣ እሁድ ግን አትመኑት፣ አውቶቡስ ነው የሚተካው። ማቴራ ውስጥ ሳሲ የሚባለው አሮጌው ሰፈር አብዛኛው ዐለት ውስጥ የተፈለፈለ ነው፣ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የውሃ ጉድጓዱም። ፈረንጆቹ "እንዲህ ያለ የትም የለም" ሲሉ እንደኔ ላሊበላን የተሳለመ ሰው በልቡ ፈገግ ይላል። ልዩነቱ ግን አለ። ከኛዎቹ ዋና ዋናዎቹ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው ዙሪያቸውን ተለይተው የቆሙ ናቸው፣ ቅዳሴም አልተቋረጠባቸውም። የማቴራዎቹ ወደ ገደሉ ጎን ገብተው የተቆፈሩ ናቸው፣ ብዙዎቹም ዛሬ ትኬት ቆርጠህ የምታያቸው ሆነዋል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መንግሥት ከዋሻዎቹ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጋ ድሃ ሕዝብ አስወጥቶ ሌላ ሰፈር ሠራለት፣ "የጣልያን ውርደት" ይሏት ነበርና። በ1993 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዘገባት፣ አሁን እነዚያ ዋሻዎች የአንድ ሌሊት ዋጋቸው የሚያስደነግጥ ሆቴሎች ሆነዋል። ውርደቱ ወደ ውድነት ተቀየረ ማለት ነው።

እዚያ አንድ ሱቅ ውስጥ ከእንጨት የተቀረጸ ማኅተም አሳዩኝ፣ የቼዝ መጫወቻ የሚያህል። ድሮ ሰፈሩ አንድ ምድጃ ስለሚጋራ እያንዳንዱ ቤት ሊጡ ላይ የራሱን ማኅተም ይመታበት ነበር፣ ዳቦው ሲወጣ እንዳይሳሳት። ዳቦው አሁንም አለ፣ ድፎ ዳቦ ያህላል፣ ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ በሦስተኛው ቀንም ይበላል። ለመንገድ ስንቅ እሱን ግዙ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። አልቤሮቤሎ ጎጆ የሚመስሉ፣ ጣሪያቸው ሾጣጣ የድንጋይ ቤቶች አሏት፣ ቆንጆ ናት፣ ግን መንደሩ በሙሉ መታሰቢያ መሸጫ ሆኗል፣ አጠገቧ ሎኮሮቶንዶ እደሩና ጠዋት በጊዜ አይታችኋት ውጡ። ቺንኰ ቴሬ፣ አምስቱ መንደሮች፣ በነሐሴ መርካቶ ናቸው፣ በሚያዝያ ከሆነ ግን አልከለክላችሁም። ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ በእግር ድልድይ ብቻ የሚገባባት፣ አፈሩ ከሥሯ እየተናደ ያለ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፣ መግቢያ ታስከፍላለች፣ ከኦርቪየቶ ግማሽ ቀን ይበቃታል። ከሮም በስተ ምሥራቅ ተራራው ላይ ያለችው አፊሌም ፎቶዋ ያምራል። በ2012 እ.ኤ.አ. ለግራዚያኒ ሐውልት ያቆሙት እዚያ ነው። እኔ እዚያ አንድ ዩሮ አልጥልም፣ እናንተ እንደ ልባችሁ።

አሁን ስለ ምግብ። የናንተ ዕረፍት ነሐሴ ነው፣ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። አትጨነቁ። ፒዛ ማሪናራ እዘዙ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ፓስታ ስታዙ "ሴንጻ ፎርማጆ" በሉ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ማቴራና ፑልያ፣ ባሪ ያለችበት ክልል፣ በኩል ደግሞ የባቄላ ክክ ቀቅለው አልመው፣ የሚመር ጎመን ከጎኑ አድርገው፣ የወይራ ዘይት አፍስሰው ያቀርባሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትበሉት ሽሮ በጎመን ነው። ማኪያቶ ካዘዛችሁ ደግሞ የአዲስ አበባውን እንዳትጠብቁ፣ ፊንጃል በምታህል ብርጭቆ ነው የሚመጣው። ቆማችሁ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል።

መኪና ለመከራየት ያሰባችሁ፣ "ዜታ ቲ ኤለ" የሚለውን ምልክት እወቁት፣ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል ማለት ነው። ቀይ ቀለበት ያለው ነጭ ክብ ነው፣ የድሮው ከተማ መግቢያ ላይ ይቆማል፣ ካሜራ አለው። የፍራንክፈርቱ ዘመዴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሆቴል ሲፈልግ ሦስቴ አለፈበት። ከወራት በኋላ ቤቱ ድረስ ሦስት ቅጣት ላኩለት፣ አከራዩ ደግሞ አድራሻውን ለሰጠበት ብቻ ሌላ ሂሳብ ቆረጠ። የአካባቢ (ሬጆናሌ) ባቡር የወረቀት ትኬትም ሳትሳፈሩ ማሽኑ ላይ አስመቱት። ሆቴል ሲገቡ ፓስፖርት ይጠይቃሉ፣ ለፖሊስ የማስመዝገብ ግዴታ ስላለባቸው ነው፣ እናንተን ጠርጥረው አይደለም።

እንግሊዝኛ በነዚህ ቦታዎች ብዙ አያስኬድም። ግን ከምታስቡት በላይ ጣልያንኛ ታውቃላችሁ። የአክስቴ ልጅ አውቶቡስ አጥታ ስትጨነቅ "በቃ ፌርማታ በያቸው" አልኳት። አልሰማችኝም፣ ሳቀች። መጨረሻ ላይ አንዷን ሴትዮ "ፌርማታ?" አለቻት፣ ሴትዮዋም እጇን ይዛ እዚያው ድረስ ወሰደቻት። ዕድል ሆኖ ካቻቪቴ ብትፈልግም ኖሮ ያግባቧት ነበር።

ጊዜውን ካላችሁኝ መስከረም ነው። የነሐሴው ግርግር ሄዷል፣ ውሃው ገና ሞቃት ነው፣ አልጋም ይረክሳል። የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ፕሮቺዳ ላይ ልታሳልፍ ኮሪቼላ ውስጥ ሦስት ሌሊት አልጋ ይዛለች፣ አራተኛውን ናፖሊ። አንድ ሻንጣ ብቻ፣ እሱም ትንሽ እንዲሆን ለምኛታለሁ። "ቫይታሚንህስ?" ብላኛለች።