ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርስ ላነሣሽው ጥያቄ

እህቴ፣ በፖለቲካል ሳይንስ በ3.4 ተመርቀሽ ካዛንቺስ በሚገኝ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሁለት ዓመት እንደሠራሽ ገልጸሽ፣ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ስድስት ኪሎ ይሻላል ወይስ ውጭ ማመልከት፣ ውጭ ከሆነስ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስም አለው ብለሽ ጠይቀሻል። በዚሁ መንገድ ያለፍኩ በመሆኔ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ስም ያለውን መፈለግሽን አልነቅፍም፤ እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነው። ይሁንና ይህ ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ መጀመሪያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ዌልስ ውስጥ በአበሪስትዊዝ ሲሆን፣ አራት ኪሎ ቆመሽ ብትጠይቂ ስሙን የሰማ ሰው ማግኘትሽን እጠራጠራለሁ። ተመሳሳይ ስም የያዙ ዲግሪዎች ውስጣቸው በጣም ይለያያል። ዋሽንግተን ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ጥናት ትምህርት ቤት (ሳይስ) ኢኮኖሚክስን አጥብቆ ስለሚያስተምር ከሒሳብ ለሸሸ ሰው ይከብዳል፤ የብሪታንያ ማስተርስ ደግሞ ባብዛኛው በአንድ ዓመት ስለሚያልቅ፣ ገና በደንብ ሳትለምጂው የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ትጠየቂያለሽ። ስለዚህ የደረጃ ሰንጠረዡን ወደ ጎን አድርገሽ የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቢ፤ በምትፈልጊው ጉዳይ ላይ የሚጽፉ ቢያንስ ሁለት መምህራን ካላገኘሽ እለፊው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ችግር የሚመጣው፤ የምትፈልጊው ጉዳይ ምንድን ነው? እኔ የመጀመሪያውን የማመልከቻ ጽሑፌን «ከልጅነቴ ጀምሮ ዲፕሎማት የመሆን ሕልም ነበረኝ» ብዬ ጀምሬ፣ ስድስት ኪሎ ያስተማሩኝ አንድ መምህር ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ማኪያቷቸውን እየጠጡ ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ ስክሪብቶ ከሰረዙት በኋላ «ይህን አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሁሉ ይጽፈዋል፤ አንተ ምን አየህ?» አሉኝ። በወቅቱ ሜክሲኮ አካባቢ በሚካሄዱ ስብሰባዎች ላይ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ እሠራ ስለነበር፣ ሳልፈልግ በየጊዜው የምሰማው አንድ ክርክር ነበር። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ፣ ከተወሰኑ የገቢ ዕቃዎች 0.2 በመቶ ቀረጥ ሰብስበው የአፍሪካ ኅብረትን ራሳቸው እንዲደጉሙ ወስነዋል፤ አንዳንዱ አገር ውሳኔውን ሥራ ላይ ሲያውል ሌላው ለምን አመነታ? ጽሑፌን በዚህ ጥያቄ እንደ አዲስ ስጽፈው፣ የማመለክትባቸው ትምህርት ቤቶች ከአሥራ አንድ ወደ አራት ወረዱ፤ በኋላ የተቀበሉኝም ከአራቱ ሁለቱ ናቸው። አንቺም ከካዛንቺሱ ሥራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ አታጪም። በየሳምንቱ ኤምባሲና የኅብረቱን ጽሕፈት ቤት በታክሲ የሚያልፍ ሰው ርዕስ አጣሁ ቢል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይገርመኛል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በራስሽ ከፍለሽ የመማር ሐሳብ ካለሽ የታወቁት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለትምህርት ክፍያ ብቻ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ እንደሚጠይቁ እወቂ። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ሁለት ዓመት ወይም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ስለሚፈልግ አንቺ ትመጥኛለሽ፤ ስትጨርሺ ግን ለሁለት ዓመት ወደ አገርሽ መመለስ ግዴታሽ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ ጽሑፎቹን እንቁጣጣሽና መስቀል ሳይመጡ በነሐሴ ጨርሺያቸው። የአውሮፓ ኅብረቱ የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ሁለት ሦስት አገር እየተዘዋወሩ መማርን የማትጠዪ ከሆነ ከሁሉም እሱን አስቀድማለሁ። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶችንም በኢሜይል «ከኢትዮጵያ በዶላር ለመክፈል እቸገራለሁ» ብሎ ክፍያው እንዲቀርልሽ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ከአራቱ ሦስቱ ለእኔ ትተውልኛል።

ስድስት ኪሎን በሚመለከት፣ ዓላማሽ እዚሁ እየሠራሽ ማደግ ከሆነ እንደ ሁለተኛ ምርጫ አትቁጠሪው። የፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ክፍሉም ሆነ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋሙ የአፍሪካ ቀንድን ጉዳይ ከብዙ የውጭ ትምህርት ቤት ይልቅ በቅርበት ያስተምራሉ። የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ግን ቀደም ብለሽ ተዘጋጂበት።

የቀረው ወረቀት ነው፤ ሰው የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልትስ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ቸኩለሽ አትፈተኚ። በፓስፖርትሽና በትራንስክሪፕትሽ ላይ ስምሽ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደል አንድ መሆኑን ዛሬውኑ አስተያዪ፤ የእኔ የአባቴ ስም በአንዱ ላይ አንድ፣ በሌላው ላይ ሁለት «ኤስ» ነበረው። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብሽም አስቀድመሽ ጨርሺ፤ አለዚያ ሬጅስትራር ላይ ሥራሽ ይጓተታል። በመጨረሻም የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴን በታሸገ ፖስታ ተቀብዬ፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ማኅተም ልብ ሳልለው፣ ስካን ላደርገው ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቀደድኩት። የተቀደደ ፖስታ ኦፊሻል ስለማይባል እንደገና ከፍዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ አንቺ ከመጀመሪያው አንድ የታሸገና አንድ ለራስሽ የሚሆን ክፍት ቅጂ አስወጪ።