ውሻ ራሷን ለነከሳት ሕፃን ክትባት ብቻ ይበቃል?

እህቴ፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅሽን ዛሬ ጠዋት የጎረቤት ውሻ ራሷ ላይ እንደነከሳት፣ ደሙ ቶሎ እንደቆመ፣ የቀረው «ትንሽ ቀዳዳ ብቻ» እንደሆነ ጽፈሻል። ጥያቄሽ ጤና ጣቢያ ሄዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስጀመር ይበቃል ወይ የሚል ነው። በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ እኔን ከጠየቅሽኝ አይበቃም። ዛሬውኑ ሲቲ ስካን (የራስ ቅልንና አንጎልን በጨረር አንስቶ የሚያሳይ ምርመራ) ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጃት።

ሰው የሚደነግጠው ቆዳው ተቦጭቆ ደም ሲጎርፍ ነው። እርግጥ የራስ ቆዳ ብዙ ይደማል፤ ሕፃን ደግሞ ያላት ደም ጥቂት ስለሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቁስል ሁሉም ያየዋል፤ ይታጠባል፣ ይሰፋል፣ ይድናል። የሚያታልለው ጠባቡ ነው። የውሻ ክራንቻ ሹል ነው፤ የሕፃን የራስ ቅል ስስ ነው። ጥርሱ አጥንቱን ሰብሮ የአንጎልን ሽፋን ሊበሳ ይችላል። ሲወጣ ቆዳው መልሶ ይገጥማል፣ ፀጉር ይሸፍነዋል፣ ልጅቷም እየሮጠች ትጫወታለች። ከቀናት በኋላ በትኩሳትና በማስመለስ ስትመጣ ከውሻው ምራቅ የገባው ባክቴሪያ አንጎሏ ውስጥ መግል ቋጥሮ ይገኛል።

ሹሩባ የተሠራች አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ቤተሰቦቿ ያሳዩን ከግንባሯ በላይ ያለውን ጭረት ነበር። ሹሩባውን ፈትተን ስንላጫት ከጆሮዋ ኋላ የምስር ክክ የምታህል ነጥብ አገኘን፤ ሲቲው ከነጥቧ ሥር አጥንቱ ወደ ውስጥ መሰርጎዱን አሳየ። ውሻ የሚነክሰው በላይና በታች መንጋጋው ነው፤ በአንድ ወገን የጥርስ ምልክት ካየሽ በሌላው ወገን ያለውንም ፈልጊ። ተራ ራጅ እንዲህ ያለውን ስብራት ሊያልፈው ይችላል። የጨረሩ ነገር እንደሚያሳስብሽ ይገባኛል፤ በዚህ ጉዳይ ግን እኔ ለልጄም ቢሆን አላመነታም።

አማትሽ «ቡና ይነስነስበት» ማለታቸውን በተመለከተ፣ ቡናውን አፍልተው ይጠጡት። ቁስሉ ላይ ሲነሰነስ ያቆሽሸዋል፣ ቀዳዳውንም ይደብቅብናል። እስካሁን ካልታጠበ አሁኑኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቢው። አጥንት ከታየ ወይም ቦታው ከሰረጎደ ግን ሳትነካኪውና ሳትጫኚው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ ሩጪ።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ወደ አንጎል የሚጓዘው በነርቭ በኩል ነው፤ ከራስ ላይ ሲነሣ መንገዱ አጭር ነው። ክትባቱ ሰውነትን ለመከላከል እስኪያዘጋጅ ጊዜ ስለሚፈጅ ቆዳን ለበሳ ንክሻ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ቫይረሱን ወዲያው የሚከላከል መድኃኒትም ያስፈልጋል። በክብደቷ ተለክቶ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይወጋል፤ የሚሰፋ ቁስል ካለ ከስፌቱ በፊት። በስሙ ጠይቂ፤ ካልጠየቁ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ክትባቱ ለእሷ ዕድሜ የላይኛው ክንድ ወይም ጭን ላይ እንጂ መቀመጫ ላይ አይወጋም።

ባለቤቱ «የተከተበ ነው» ቢልም ማስረጃውን ይዞ ይምጣ። ውሻውን በድንጋይ እንዳይገድሉት ንገሪያቸው፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። እስከዚያ ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ቀሪውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። እሱን እየጠበቁ ክትባቱን ማዘግየት ግን አይቻልም።

አንቲባዮቲክ ያዝዙላታል፤ ብዙውን ጊዜ አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ አንድ ላይ ያለበት ሽሮፕ ነው፤ የታዘዘውን አስጨርሺ። የቲታነስ ክትባቷም ይታያል። ሲቲው ደህና ነው ተብላችሁ ብትመለሱ እንኳ ትኩሳት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ካየሽ በሌሊትም ቢሆን መልሰሽ ውሰጃት።

ስትሄጂ የክትባት ካርዷንና የውሻውን ባለቤት ስልክ ያዢ፤ ሁለቱንም ይጠይቁሻል።