«በነጻ ውሰዱት» ሲሏችሁ መሬቱ በምን ገንዘብ እንደተገዛ ጠይቁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። የዋሽንግተን ግዛት በእጁ ያሉትን የፓርክ ኤንድ ራይድ የመኪና ማቆሚያዎች (ሰው መኪናውን አቁሞ አውቶቡስ የሚሳፈርባቸውን) አንቺ ለምትሠሪበት የካውንቲ አውቶቡስ ድርጅት ሊያስተላልፍ ነው፤ አለቆችሽ «በነጻ ነው፣ ቶሎ እንፈርም» ብለዋል፤ አንቺ ደግሞ ከፊርማው በፊት የትኛውን ሰነድ ልጠይቅ ብለሻል። እኔ በሌላ ተመሳሳይ ድርጅት የንብረት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ርክክብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዤ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ማቆሚያውን ድሮም እየጠረጋችሁ፣ መብራቱን እየከፈላችሁ በስምምነት እንደምታስተዳድሩት እገምታለሁ፤ እኛም እንደዚያ ነበርን።

1. ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ስለ ምንም ነገር ከመነጋገራችሁ በፊት እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት በየትኛው ገንዘብ እንደተገዛ እወቂ። ከላይ ሲታይ አንድ አስፋልት ነው፤ ከሥሩ ግን በተለያየ ጊዜና በተለያየ ገንዘብ የተገዙ ሦስት አራት ይዞታዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በ1944 የጸደቀው የግዛቱ ሕገ መንግሥት 18ኛ ማሻሻያ የነዳጅ ታክስና የመኪና ምዝገባ ገቢ ለአውራ ጎዳና ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል። የመርከብ ማመላለሻው እንኳ በአውራ ጎዳናነት ተቆጥሮለታል፤ አውቶቡስ ግን አልተቆጠረለትም። ስለዚህ መሬቱ በነዳጅ ታክስ የተገዛ ከሆነ ባለሥልጣኑ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን በስጦታ ሊያስተላልፈው አይችልም፤ ለዚያ ፈንድ ዋጋው መመለስ አለበት።

የፌዴራል አውራ ጎዳና ገንዘብም ገብቶበት ከሆነ ሌላ በር ይከፈታል። የፌዴራል ሕግ ርዕስ 23 ክፍል 156 እንዲህ ያለ መሬት ሲሸጥም ሲከራይም በገበያ ዋጋ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለማኅበራዊ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ወይም ለኢኮኖሚ ጥቅም ሲባል ግን ከዚህ ዋጋ በታች እንዲተላለፍ ሊፈቀድ ይችላል። ይህን ፈቃድ ማንም አስታውሶ አይሰጥሽም፤ ጠይቀሽ፣ በጽሑፍ አስረድተሽ የምታገኚው ነው።

2. ፋይሉን ሳታነቡ ለሕዝብ አትናገሩ። ይህንን በሁለት መስመር ልጨርሰው ነበር፤ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። የእኛ ኃላፊዎች ወረቀቱ ገና ሳይመረመር በአደባባይ ስብሰባ ላይ ለቦርዱ «ማቆሚያዎቹን ያለ ክፍያ እንረከባለን» ብለው አወጁ። ቦርዱ አጨበጨበ፣ የማደሻ በጀት ተያዘ፣ በአካባቢው ጋዜጣም ወጣ። የግዢ ታሪኩ ሲጣራ ትልቁ ቁራሽ በነዳጅ ታክስ የተገዛ ሆኖ ተገኘ። ከተማው ዙሪያውን ለአፓርታማ ግንባታ ፈቅዶ ስለነበር ገማቹ መሬቱን የተመነው አፓርታማ እንደሚሠራበት ቦታ ነው። በአደባባይ ቃል የገባ ድርጅት ከድርድር ጠረጴዛ ተነሥቶ መሄድ ያቅተዋል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል።

የዚህ ግዛት አውቶቡስ ድርጅቶች የሚተዳደሩት በአብዛኛው ከሽያጭ ታክስ ነው። ለአስፋልት የተከፈለው ገንዘብ ከአገልግሎት የተቀነሰ ነው ማለት ነው። እኛ ጋር ለሌላ ጊዜ የተላለፈው የማለዳው መስመር ነበር፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ወደ አየር ማረፊያና ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ የሚሄዱ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የእኛው እናቶችና ወንድሞች፣ የሚጠብቁት መስመር። ስለዚህ ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይምሰልሽ።

ፋይሉን ለማግኘት ያየሁት መከራ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ የተቀመጠ ሰው «ሃያ ዓመት የጠረጋችሁትን ቦታ ታሪኩን ዛሬ ምን አስፈለጋችሁ?» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። በመሥሪያ ቤቴ ስም መለማመጡን ተውኩና በግዛቱ የሕዝብ መዛግብት ሕግ መሠረት እንደ ማንኛውም ዜጋ ማመልከቻ አስገባሁ። ሕጉ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥሽ ያስገድዳል፤ ሰነዱን ባይሰጡሽ እንኳ መቼ እንደሚሰጡሽ መናገር አለባቸው። «ስለ ማቆሚያው ያለውን ሁሉ ስጡኝ» አትበዪ፤ የመንገድ ይዞታ ካርታውን አስቀድመሽ አግኚ፣ በእያንዳንዱ ቁራሽ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያዢ፣ በዚያ ቁጥር የግዢ ፋይሉንና የክፍያ ማዘዣውን ጠይቂ። እኔ በዚህ መንገድ አንደኛው ቁራሽ ከነዳጅ ታክስ ውጭ በሆነ ገንዘብ የተገዛ መሆኑን አገኘሁ፤ ከሒሳቡም ወጣ። ጠበቆቹ ያላዩትን ያየሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ እኮራለሁ።

ዋጋው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ገደቡንና ግምቱን አብራችሁ ተደራደሩ። ሰነዱ «ለትራንስፖርት አገልግሎት ብቻ» የሚል ገደብ ካለበት ገማቹ ያንን ገደብ ቆጥሮ መተመን አለበት። የእኛ ረቂቅ ገደቡንም የአፓርታማውንም ዋጋ አንድ ላይ ይዞ መጥቶ ነበር። ይህ ግፍ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አልናቸው። አለቆችሽ ወደፊት ቤት የመሥራት ሐሳብ ካላቸው ገደቡ አሁኑኑ ይነሣ። በኪርክላንድ ከተማ ኪንግስጌት በተባለው የግዛቱ ማቆሚያ ላይ መኖሪያ ቤት ለመሥራት የተጀመረውን ሥራ ተመልከቱ፤ እስከ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ ነው።

ማቆሚያው ከአውራ ጎዳና ድልድይ በታች ወይም ከመውጫ መንገዱ ጋር ተያይዞ ከሆነ ባለቤትነት አትጠብቂ፤ የሚያዋጣችሁ ረጅም ኪራይ ነው። በዚያ ኪራይ ውስጥ ግን ግዛቱ መንገዱን ለማስፋት ቦታውን መልሶ ቢወስድ እናንተ ላሠራችሁት ነገር ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

የጎርፉ ነገር እንዳይረሳ። አሮጌዎቹ ማቆሚያዎች የዝናብ ውኃቸውን ሳያጣሩ ወደ ጅረት የሚለቁ ናቸው። ከመኪና ጎማ የሚወጣ ኬሚካል ኮሆ የሚባለውን ሳልሞን እንደሚገድል በ2020 ከታወቀ ወዲህ ማንም ዓይኑን አይጨፍንላችሁም። አስፋልቱን ከላይ መደረብ አንድ ነገር ነው፤ እስከ ጠጠሩ ቆፍራችሁ 5,000 ስኩዌር ጫማ ከተካችሁ ግን የማጣሪያው ግዴታ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የቧንቧውን ፍተሻ ከፊርማው በፊት በግዛቱ ወጪ አስደርጉ። ግዛቱ የሚሰጣችሁ ሰነድ ያለውን መብት ብቻ የሚያስተላልፍ እንጂ ዋስትና የሚሰጥ አይደለምና ከተፈረመ በኋላ የፈረሰ ቧንቧ ሁሉ የእናንተ ነው።

የማቆሚያዎቹን ስምና የተገዙበትን ዓመት ጻፊልኝ፤ የትኛውን ካርታ እንደምትጠይቂ እነግርሻለሁ። ረቂቅ ውሉን ግን እዚህ ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ አታውጪው።