በራስ መኪና በሞያሌ ወደ ናይሮቢ፦ ከመንጃ ፈቃዱ ይልቅ የመኪናው ወረቀት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በባንክ ብድር የገዛሃትን አውቶሞቢል ይዘህ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ደርሶ መመለስ ትፈልጋለህ፤ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድህ ይበቃ እንደሆነና «ቢጫ ካርድ» የሚባለው ምን እንደሆነ ጠይቀሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች «ዝም ብለህ ሂድ፣ የሞያሌ ሰው በየቀኑ ይሻገር የለም ወይ» ብለውሃል። የሞያሌ ሰው የሚሻገረው ከተማው ውስጥ ነው። ድንበሩ ከተማዋን ለሁለት ስለከፈላት ነዋሪው ለገበያም ለዘመድ ጥየቃም ወዲያና ወዲህ ይላል። አንተ ግን ከዚያ ወዲያ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ልትዘልቅ ነው፤ በየኬላው የምትጠየቀውም የሞያሌ ሰው የሚጠየቀውን አይደለም። ልጄ ናይሮቢ ስለሚማር ይህን መንገድ በራሴ መኪና እየተመላለስሁበት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ባስረዝምብህ አትቀየመኝ።

ስለ መንጃ ፈቃዱ ብዙ አትጨነቅ። የእኛ መንጃ ፈቃድ እንግሊዝኛም ስላለበት የኬንያ ፖሊስ አይቸገርበትም። ቢሆንም ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጥተህ ብትሄድ ይሻልሃል። እርሱ ያለህን ፈቃድ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚገልጽ ደብተር ስለሆነ ብቻውን አያስነዳህም፤ ዋናው መንጃ ፈቃድ ሁልጊዜ አብሮት መኖር አለበት። ፋይልህ ያለበትን የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሄደህ ጠይቅ። በኢንተርኔት በዶላር የሚሸጡትን «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዶች» ግን አትንካ። መንግሥት ወይም መንግሥት የወከለው ድርጅት ያልሰጠው ደብተር ሽፋኑ ቢያምርም ፖሊስ ፊት ዋጋ የለውም።

ጣጣው ያለው መኪናዋ ላይ ነው። የተበደርህባት መኪና ዋናው ሊብሬ ባንኩ ዘንድ ነው፤ ባንኩ ሳይፈቅድ መያዣውን ከአገር ማስወጣት አትችልም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ ሆቴል ከመያዝህም በፊት፣ ለባንኩ በጽሑፍ አመልክት። ደብዳቤው መኪናዋ ለጊዜው ወደ ኬንያ እንድትወጣ መፍቀዱን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ለይቶ እንዲጽፍ አድርግ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጀምሮ በሁለት መስመር የሚያልቅ ደብዳቤ አትቀበል። ከወረቀቶቹ ሁሉ እጅግ የሚዘገየው ይኸኛው ነው፤ ቅርንጫፉ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ለሕግ ክፍል ሲልከው ሳምንታት ያልፋሉ። ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስህ ኬንያ ውስጥም እንዲሠራ እንድታደርግ ሊጠይቅህም ይችላል፤ ቢጠይቅህ ልክ ነው፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

መኪናዋ በባለቤትህ ወይም በሌላ ሰው ስም ከሆነች ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልግሃል። «መኪናዬን እንዲነዳ» የሚለው የተለመደው ውክልና አይበቃም፤ ከአገር ይዞ መውጣትና መልሶ ማስገባት የሚል ቃል ይግባበት። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪናማ ሌላ ጉዳይ ናት። ጉምሩክ ሳይፈቅድ እንኳን ድንበር ልትሻገር ለሌላ ሰው ልታስተላልፋትም አትችልም።

አሁን ወረቀቶችህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይ። ጉዞ የሚያበላሸው በአብዛኛው ወረቀት መጉደሉ አይደለም፤ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ነው። ፓስፖርትህ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም መንጃ ፈቃድህ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ይለያል? ሊብሬው ላይ የአያት ስም ቀርቷል? ሞተር ተቀይሮ ከነበረ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተመዝግቧል? ጉምሩክ መኪናዋን ሲያስወጣ ቦኔት አስከፍቶ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ያነባል። ከፊቴ ተሰልፎ የነበረ አንድ ሰው ሞተር አስቀይሮ ሳያስመዘግብ ስለመጣ ከነቤተሰቡ ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ሰባት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የቀን አቆጣጠር ነው። በእኛ 2017 ዓ.ም. ብሎ የታደሰ ወረቀት ለኬንያዊ ፖሊስ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት ያለፈበት ነው። በሌላ መኪና አብሮኝ ይጓዝ የነበረ ወዳጄን ከኬንያዋ ማርሳቢት ከተማ ወዲህ ያስቆመው ፖሊስ በትሕትና «ኢንሹራንስህ ካለፈበት ብዙ ዓመት ሆነው» አለው። ስለ አሥራ ሦስቱ ወር ሲያስረዳው ፖሊሱ ሳቀ፤ ባልደረባውንም ጠርቶ እንደገና አስተረከው፤ እኛም ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅን። ስለዚህ ውክልና፣ የባንክ ደብዳቤና የኢንሹራንስ ወረቀት ስታጽፍ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍልህ። በአማርኛ ብቻ የተሞላ ሊብሬ ከሆነም የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይዘህ ሂድ።

ወደ ቢጫ ካርዱ ልምጣ። ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆነ ግራ ቢገባህ አልፈርድም። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ ለአንተና ለቤተሰብህ ነው፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ሌላው የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው፤ እርሱ የመኪናዋ ነው። እዚህ አገር የገባኸው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ድንበር ላይ ያበቃል፤ የኮሜሳው ካርድ ያንን ሽፋን ኬንያ ውስጥ ያስቀጥልልሃል። ኢንሹራንስ የገባህበት ኩባንያ ለምትቆይበት ጊዜ በክፍያ ይሰጥሃል። ስትቀበል ኬንያ የሚለው እንዳልተሰረዘ፣ ቀኑም መመለሻህን እንደሚሸፍን ተመልከት፤ አንድ ሳምንት ትርፍ ጨምርበት። ካርዱ የሚከፍለው ሌላ ሰው ላይ ላደረስኸው ጉዳት እንጂ ለራስህ መኪና ስብራት አይደለም። ባንኩ ሙሉ ሽፋኑ እንዲራዘም የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ ኩባንያውን በተጨማሪ ስምምነት ኬንያ ድረስ እንዲያራዝምልህ ጠይቀው።

ሞያሌ ስትደርስ የጋራ የድንበር ኬላ አለ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በይፋ የተመረቀው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ስትሄድ የኢትዮጵያን መውጫና የኬንያን መግቢያ ኬንያ በኩል ባለው ግቢ ትጨርሳለህ፤ ስትመለስ ደግሞ ሁለቱንም በእኛ በኩል። ከዚያ በፊት ግን የመኪናዋ ጊዜያዊ መውጫ ፈቃድ በእጅህ መሆን አለበት። ጉምሩክ መኪናዋ እንደምትመለስ ዋስትና ስለሚፈልግ ምን ዓይነት ዋስትና እንደምታቀርብ አዲስ አበባ ሳለህ ጨርስ፤ ሞያሌ ላይ ዋስ ፍለጋ አትጀምር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላላችሁ ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም። ከቤተሰቡ የውጭ አገር ዜግነት ያለው ካለ ግን የእርሱን ለብቻ አጣራ፤ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስበትንም።

የኬንያ ጉምሩክ ለመኪናዋ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ይሰጥሃል። የሚያበቃበትን ቀን እዚያው ቆመህ አንብብ። ከዚያ ቀን በላይ ማቆየት ቅጣት ያስከትላል፤ መኪናዋን እዚያ መሸጥ ወይም ለሌላ ሰው ማከራየት ደግሞ ክልክል ነው። ደላላ ልያዝ ወይ ላልኸው፣ ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ቢያግዝህ ደስ ይለኛል፤ በር ላይ ጠብቆ ፓስፖርትህን ከእጅህ ሊወስድ ለሚሮጠው ወጣት ግን አትስጥ።

ዕቃ ስትጭን አንድ ነገር አስብ፦ ኬንያ ፌስታልን ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዳለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በርበሬውንና ሽሮውን እናትህ በፌስታል አስረው ከሰጡህ በጨርቅ ከረጢት ገልብጠው፤ ጉምሩክ ሲጠይቅህም ምን እንደያዝህ ተናገር።

አሁን ስለ አነዳድ። ከእኛ መሪ ጋር በግራ መንገድ መንዳት ከወረቀቱ ሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ኬንያ በግራ ይነዳል፤ የአንተ መሪ ደግሞ በግራ ነው፤ ስለዚህ የምትቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ሰዓት ሳይሞላ ትለምደዋለህ። የሚያስቸግረው መቅደም ነው። ከፊትህ ተሳቢ ሲኖር ማዶውን አታይም፤ ለማየት ብለህ ሰውነትህን ወደ ቀኝ ብታዘነብልም የሚታይህ የተሳቢው ጀርባ ብቻ ነው። የሚያየው ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ነው። ባለቤትህ መንዳት የምትችል ከሆነች ከፊት እርሷ ትቀመጥ፤ «እለፍ» እና «ቆይ» የሚሉት ቃላት ብቻ ይኑሯችሁ፤ «እኔ እንጃ፣ የሚመጣ ያለ ይመስላል» የሚል መልስ ሲመጣ አትቅደም። ከተሳቢው ራቅ ብለህ መከተልም ማየት የምትችለውን መንገድ ይጨምርልሃል። አደባባይ ላይ የሚዞረው ሰዓት እንደሚዞረው ነው፤ ቅድሚያውም ከቀኝህ ለሚመጣው ነው። ከሁሉ የከፋው ጠዋት ከሆቴል ወይም ከነዳጅ ማደያ ስትወጣ ነው፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን እጅ በልማድ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ሜዳው ግን ረጅምና ነፋሻ ነው፤ ግመሎች መንገድ ላይ ይቆማሉ። ማርሳቢት ነዳጅ ሙላ። የግል መኪና ፍጥነት በከተማ 50፣ ከከተማ ውጭ 100 ነው፤ መሄጃውና መመለሻው በተለያየ አውራ ጎዳና 110። ከተሞች መግቢያ ላይ ያለ ምልክት የተሠሩ የፍጥነት መቀነሻዎች ብዙ ስለሆኑ ከምልክቱ ይልቅ የከተማውን ቤቶች እያየህ ቀንስ። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ታልፋለህ፤ ልጆቹ ፎቶ ይነሡበታል። በሁለቱም አገር ሲመሽ አትንዳ። በእኛ በኩል ከሐዋሳ በታች ያለውን መንገድ ሁኔታ በዋዜማው እዚያው ላሉ አሽከርካሪዎች ደውለህ ጠይቅ፤ የዛሬ ወር የነገሩህን አትመን።

ስትመለስ ቸኩለህ ኬላውን በፓስፖርት ማኅተም ብቻ እንዳታልፍ። የኬንያው ጊዜያዊ ፈቃድ በጉምሩካቸው መዘጋቱን የሚያሳይ ወረቀት ተቀበል፤ ካልተዘጋ መኪናዋ በመዝገባቸው አሁንም ኬንያ ውስጥ ናት። በእኛ በኩልም መግባቷን አስመዝግበህ የመውጫ ፈቃዱን አዘጋ፤ ዋስትናህ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለባንኩም የዚያን ወረቀት ቅጂ አስገባና የተቀበሉበትን ማኅተም አስመታ።